ምናገባቸው

ዛሬ ማታ ውሻዬ ጾም አዳሪ ናት።
ሳህኗን አጥቤ ደፋሁት፤ ከሲንጀሩ ኋላ ሸሸግሁባት።
«ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ወዲያ እህል እንዳትቀምስ፤
ውሃውንም አንሺው ቄሱ ሳይቀድስ፤»
አለኝ ዶክተር አትርሳው፣ «ሆዷ ሞልቶ ከተኛች
ያስመልሳትና ትታፈናለች።»
ረቡዕ አይደል፣ ዓርብ አይደል፣ ሁዳዴም ገና ነው፤
መሬቱን ልሳ ቀና አለች፦ ይሄ ጾም የማነው?

ስሟን ያወጣሁላት ለአጥሩ ማዶ ስል ነው፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሆዴን በዓይኑ ለሚመዝነው።
ማታ በር ላይ ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፦
«ምናገባቸው! ነይ ግቢ! ምናገባቸው!»
እሷም ትገባለች፣ ነገሩም ይደርሳል።
ቡሬ ላይ እንዲህ ነው፤
ለክፉ ወሬ ሰው በውሻው ስም ይመልሳል።

ሁለቴ ወልዳለች። መጀመሪያ ስድስት፣ ኋላም ሰባት።
አንዱን ባለወፍጮው ወሰደው፤
ሁለቱን በነቀምት መንገድ አይሱዙ ወጣባቸው፤
በረንዳ ሥር የቀሩትን ብርድ ጨረሳቸው።
አራቱን ግን አንድ ጎረምሳ በማዳበሪያ ከረጢት
ይዞልኝ ሄደ። ሃያ ብር ሰጠሁት።
የት እንደጣላቸው አልጠየቅሁትም።
ከዚያ ወዲህ ከረጢት አይቼ ዝም ብዬ አላልፍም።

ባጃጁ ውስጥ ጭኔ ላይ ነች፣ ባሮጌ አንሶላ ተጠቅልላ፤
ሾፌሩ በመስታወት አየና «ምን ሆነች?» አለ፣ አንገቱን አዙሮ በኋላ።
«ልትመ—» አልሁና ዋጥሁት።
ቃሉ አንድ ዘር ነው፤ መምከን፣ ማምከን፣ መካን፤
የባሌ እናት በሰው መሐል የወረወረችብኝ፣ በፋሲካው ቀን።
«ልትታከም ነው» አልሁት።

ወረቀቱ ላይ «የባለቤት ስም» ይላል፣ ባዶ መስመር ከፊቱ።
የኔ ባለቤት ማንኩሳ ነው፤ ከሌላይቱ።
እስክሪብቶው እንደቆመ ቀረ። «የውሻዋን ነው፣» አለኝ ዶክተሩ።
የሺመቤት አላምረው ብዬ ጻፍሁ። ሞላ መስመሩ።

አሥራ ሰባት ኪሎ ከግማሽ። መርፌው እግሯ ላይ ገባ፤
አምስት ሳልቆጥር ከበደች፣ እጄ ላይ ተዘርግታ።
«ዓይኗ አይከደንም፣ ምላሷ ይወጣል፤ ሞተች ብለሽ እንዳትደነግጪ፤
ሰውነቷ ይቀዘቅዛል፤ ለመመለሻዋ ጋቢ አምጪ።»
ውጭ ተቀመጥሁ። አንዲት ፍየል ከጎኔ ታስላለች።
ሲጠራኝ ሆዷ ተላጭቷል፣ ሮዝ፣ እንደ ሕፃን መዳፍ፤
ልብስ ሰፊ አይደለሁ? መጀመሪያ ያየሁት ስፌቱን ነው፦ ስምንት ጥልፍ።
እጅ አለው። ሦስተኛዋ ብቻ ትንሽ ጠበቅ ብላለች።

ማታ ከሰርግ እንደወጣ ሰካራም ከግድግዳ ተጋጨች፣
ስታለቅስ አነጋች።
«መድኃኒቱ ነው የሚያለቅሰው» ብሎኝ ነበር፤ አውቃለሁ፤
እያወቅሁም አብሬያት አለቀስሁ።

ቁስሏን እንዳትልስ ሸሚዝ ሰፋሁላት፤
ለሰው ከሰፋሁት የክርስትና ልብስ የተረፈ ነጭ ሳቲን፣
ለእግሯ አራት ቀዳዳ፣ ለጅራቷም አንድ አወጣሁላት።
ከዚያ ጨርቅ ለቤቴ ስሰፋ
ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አሥር ቀን ዝላይ የለ፣ ሩጫ የለ፣ ገላ መታጠብ የለ፤
«ቢያብጥ፣ ቢቀላ፣ ቢያዥ፣ ሌሊትም ቢሆን ደውዪ» ተብያለሁ፤
በየሰዓቱ ባትሪ ይዤ ሆዷን አያለሁ።

በአራተኛው ቀን ጥሩዓለም ከአጥሩ በላይ ብቅ አለች፤
«አመከንሻት አሉ? እረግ! ምን በደለችሽ?» አለች።
መልሴ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ደጄ ላይ ተኝታለች።
አልጮኽሁም። ጎንበስ አልሁና፣
ለአጥሩ ሳይሆን ለጆሮዋ፣
ቀስ ብዬ ስሟን ጠራሁት።
ጅራቷ በቀዳዳው ወጥቶ መሬቱን ሁለቴ መታ።
ሸሚዙን ገለጥሁ፤ ሦስተኛዋን ጥልፍ አየኋት።
ላላ ብላለች።