እባቡን ተጫነው

አዲሱ ሰርቨር ከነካርቶኑ፣
ከስንዴው ጆንያ ሥር ሲያልፍበት ቀኑ፣
ሥራ አስኪያጃችን አቶ ይመር ጠርቶኝ፣
«ምን ይጫንበት?» አለ፣ «እስከ ሐሙስ ንገሪኝ።»

እኔም እንደተማረ ሰው ሠንጠረዥ አሰመርኩ፤
ግራው ላይ ዊንዶውስን፣ ቀኙ ላይ ሊኑክስን አኖርኩ።
አንዱ ፈቃዱ በዶላር፣ አንዱ በነጻ።
ለአንዱ ባለሙያው ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ሞልቷል፤
ለሌላው እኔ፣ እና ወልድያ የተቀጠረ አንድ ልጅ።
ሒሳብ ሹሟ ወይዘሮ ዘምዘም፣ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣
«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን» አለች።
እውነቷን ነው።
ሠንጠረዡ እኩል ለእኩል ቆመ።

የዚያን ለት ሌሊት መብራቱም ሄዶ፣
ጉም ሐረጎን ዋጠው፣ እስከ ግርጌው ወርዶ።
እኔ ደሴ ላይ፣ ጦሳ ሥር፣ ብርድ ልብስ ውስጥ፤
አሮጌው ሰርቨር ኮምቦልቻ፣ ጄኔሬተሩ እያሳለው።
ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር፤ በዚያ ጉም ግን ሌላ አገር።

ስልኬ ጮኸ። ዘበኛው ሙሄ ነው።
«እህቴ፣ ሳጥኑ ነቅቷል፣ ግን አይናገርም፤
አምስት መኪና ዱቄት ደረሰኝ አጥቶ በር ላይ ቆሟል።»
«አይጧን ያዛት። ከታች፣ በግራ በኩል...»
«በማን ግራ? በኔ ነው በሱ?»
«ጥርስ ያላትን ክብ ነገር ሁለቴ ንካት።»
«ሁሉም ጥርስ አለው እኮ! ይኸው፣ ሌላ መስኮት ተከፈተ።»
መስኮት ስንከፍት፣ መስኮት ስንዘጋ፣
ዱቄቱ ሳይወጣ ነጋ።

ሐሙስ ሠንጠረዡን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።
«ሊኑክስ» አልኩ።
«በነጻ ስለሆነ?»
«አይደለም። በስልክ ስለሚነገር።»

ሙሄን ጠርተን ጥቁሩ ስክሪን ፊት አቆምነው፤
እኔ ግቢውን ተሻግሬ፣ ከሚዛን ቤት ደወልኩ።
ረጅሙን ትእዛዝ ሁሉ በአንዲት ቃል አስሬዋለሁ።
ፊደሉን አያውቀውም፤ መልኩን ነው ያጠናው።
«እባቡን ተጫነው።»
«ተጫንኩ።»
«ምሰሶውን።»
«እሺ።»
«ድንኳኑን። አሁን ሆዱን ገፍቶ እግሩን የዘረጋውን።
ምሰሶውን ድገመው።»
«ከዚያስ?»
«በቀኝ ያለውን ትልቁን፣ በአውራ ጣትህ።»
ዝም አለ። ማራገቢያው በስልኩ ውስጥ ሲያፏጭ ሰማሁ።
«ጻፈ!» አለ፣ «እህቴ፣ በራሱ እየጻፈ ነው!»

አቶ ይመር ዛሬም ለቦርዱ «በነጻ ነው» ይላል።
ወይዘሮ ዘምዘም «ያንቺ ጥቁር ድስት» ትለዋለች።
ትናንት ግን ከዘበኛ ቤቱ በር ላይ
በጠመኔ የተሣለ እባብ አየሁ።
«ምንድን ነው ይሄ፣ ሙሄ?»
«መጀመሪያው» አለኝ።