ወራጅ አለ

«ይብረድ» ብሎኝ ነበር ጋሽ ደምሰው፤ አልሰማሁም።
አሥራ ሁለት ሰው ጭኜ ዳገት ላይ ቆሜ አልውልም፤
ክዳኑን በቡትቶ ይዤ ጠመዘዝኩት፣
የራዲያተር ውሃ ቀልድ እንደማያውቅ ያን ቀን አወቅሁት።
ከአንገቴ ሥር እስከ ክርኔ
እንደ ድንች ተልጦ አየሁት በገዛ ዓይኔ።

መቃጠሉስ የአንድ ቀን ነው።
የሚያስፈራው ማክሰኞና አርብ ነው።
ሰኞ ማታ እንቅልፍ የለም፤
ፋሻው ገና ሳይነካ ቆዳዬ ቀድሞ ያመኛል፣
የጤና ጣቢያው የአልኮል ሽታ እስከ ቤቴ ይከተለኛል።
በመጀመሪያው ቀን ደርቆ የተጣበቀውን
አንዱ ተለማማጅ «ቻለው! ወንድ አይደለህ?» ብሎ ሲመነጭቀው
ወንድነቴ አብሮት ተነቅሎ
ባልዲው ውስጥ ወደቀ፣ ከጥጥና ከፋሻ ተቀላቅሎ።

በሦስተኛው ሳምንት ሲስተር ሌንሴ ተረኛ ሆነች።
አጭር ናት፤ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፣
ክኒኑን «ቀድመህ ዋጥ» ብላ ግማሽ ሰዓት አስጠበቀችኝ፣
መቀሱን ሳታነሳ፣ አስቀድማ፣ ሥራዬን ጠየቀችኝ።
«ወያላ» አልኳት።
«በየት መስመር?»
«ከዚህ ከቱሉ ዲምቱ ሳሪስ።»
«እንግዲያው» አለች፣ ፋሻውን በጨው ውሃ ስታርስ፣
«ዛሬ ሾፌሯ እኔ ነኝ፤ ቀስ ብዬ ነው የምነዳ።
አንተ ፌርማታ ጥራልኝ፤ ሲብስብህ፣ ስትጎዳ፣
‹ወራጅ አለ› በለኝ፣ እቆማለሁ።
ዳር ይዤ፣ ሞተር አጥፍቼ፣ ‹ሂጂ› እስክትለኝ እጠብቃለሁ።»

አላመንኳትም።
ሾፌር ስንቱን ዋሽቷል! ስንቱን ወራጅ እኔ ራሴ
«እሺ፣ ቀጥሎ ነው» እያልኩ አሳልፌአለሁ ለኪሴ።
እናም ገና ጫፉን ስትይዘው፣ ሳያመኝ፣ ልፈትናት ብዬ
«ወራጅ አለ!» አልኳት፣ ጥርሴን ነክሼ፣ አስመስዬ።

ቆመች።

እጇ አየር ላይ ቀረ።
ከመቀሱ ጫፍ ውሃ ጠብ አለ። ደግሞ ጠብ አለ።
ውጭ ሲኖትራክ አፈር ጭኖ አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤
እሷ አልተነቃነቀችም።
ያኔ ከደረቴ ውስጥ አንድ ሰው ወረደ፤
ሦስት ሳምንት ሙሉ መሀል ወንበር ይዞ
ሒሳብ ሳይከፍል የከረመ፣ አንድ ከባድ ሰው።
መልኩን አላየሁትም። በሩን ዘጋሁ።
«ሂጂ» አልኳት።

«ገላን! ገላን ኮንዶሚኒየም!» አንድ ዙር ተፈታ።
«ማሠልጠኛ! ቃሊቲ ማሠልጠኛ!» የደረቀው ርሶ ላላ፣ በዝግታ።
እንደተበሳ ጎማ በአፌ አየር እየለቀቅሁ፣ እየተነፈስኩ፣
ሳሪስ አቦ ጋ ስንደርስ፣ እውነቱን ልናገር፣ አለቀስኩ።
አመመኝ። አላመመኝም ብዬ አልዋሽም።
ግን በሩ በእኔ እጅ ነበር፤
በሩን የያዘ ሰው ታክሲ ውስጥ አይታፈንም።

ሁለቴ አስቆምኳት። አንዴ ውሃ ለመጠጣት፣
አንዴ እንዲሁ፣ ለምንም።
«ሳሪስ መጨረሻ!» ስል አዲሱ ፋሻ ታስሮ አልቋል።
«ሒሳብ ከኋላ!» አለች ሌንሴ፣
ሳቅሁ፤ ሳቁ ክንዴን አሳመመኝ።

አሁን ሥራ ገብቻለሁ።
በጋ ከክረምት እጅጌ ረጅም ሸሚዝ እለብሳለሁ፤
አዲሱ ቆዳ ፀሐይ አይወድም፣ ሲበርድ ይሳባል፣
ሌሊት ሌሊት ደግሞ ጉንዳን የሄደበት ያህል ይበላል።

ትናንት ከኋላ ወንበር አንዲት ሴትዮ
ሽንኩርት የሞላ ፌስታል ታቅፈው፣
ድምፃቸው ከራዲዮኑ በታች፣
«ወራጅ አለ፣ ልጄ» አሉ።
ጣሪያውን በመዳፌ መታሁ፣ ሁለቴ።
ጋሽ ደምሰው በመስታወት አየኝ፤ «ፌርማታ እኮ አይደለም!»
«ይቁም» አልኩት።

ሰው አጉረመረመ። ከኋላ ክላክስ ጮኸ።
ሁለቱም እግራቸው አስፋልቱን እስኪረግጥ፣
ነጠላቸውን እስኪያጣፉ፣
በሩን ይዤ ጠበቅሁ።