ግማሽ የሻይ ማንኪያ

ሻምበል ድመቴ ነው። ማዕረጉን የሰጠው
ወታደሩ ባሌ፣ ነፍሱን እግዜር ይማረው።
ቤቴ ሽምብጥ ሆኖ፣ እንጀራዬ ጣና፣
ዓሣ እበልታለሁ ፀሐይ ሳትወጣ ገና።
ጀልባው ሲጠጋ፣ ሚዛኑ ሲሰቀል፣
ከእግሬ ሥር አይጠፋም፣ ተረኛ ነው ሻምበል።
የቆሮሶውን ራስ፣ የአምባዛን አንጀት፣
ጥሬውን ሰጠሁት ጠግቦ እንዲያድርበት።
ሁዳዴ ሲገባማ ገበያዬ ደራ፣
የሱም ድርሻ በዛ ከኔ ትርፍ ጋራ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ማለዳ ላይ፣
ተንገዳገደብኝ ጠላ እንደጠጣ ሰው፣ አጥሩን ሳያይ።
አንገቱን ደፍቶ ወደ ደረቱ፣
ዐይኑ ተለጥጦ ጠፋበት ቤቱ።
«ዐይን ነው» አለችኝ ጎረቤቴ ሙሽሬ፣
«ሰው ያላገኘውን ሲጎርስ ጥሬ ጥሬ።»

በካርቶን አቅፌ ባጃጅ ተሳፈርኩኝ፤
ሐኪሟ ልጅ እግር፣ «ምን ይበላል?» አለችኝ።
«ዓሣ።»
«ጥሬ?»
«ጥሬ።»
«ከመቼ ጀምሮ?»
«ዐይኑን ከከፈተ።»
ዝም አለች። ከዚያ፣ መርፌ እየሞላች፣
ለሱ ይሁን ለኔ፣ እንዲህ አለች፦

«ጥሬ ዓሣ ሲበዛ ቫይታሚን ይበላል፤
ሆዱ ሲጠግብለት ነርቩ ይራባል።
ቀይ ሥጋ ስጪው። ግን ሥጋም ብቻውን
አይሠራም አጥንቱን።
የዕንቁላል ቅርፊት አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ ወቅጠሽ፣
ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ እንዳይበዛ ለክተሽ።
ጉበት ትንሽ፣ አውራ ጣት የምታህል፣ በሳምንት ሁለቴ።
ዋናው ግን ልብ ነው። ልብ ነው የጎደለው፣ እናቴ።»

ጎጃም ተወልጄ ቅኔ አያመልጠኝም።
«ልብ የጎደለው» አልኳት፣ አላስችል ብሎኝ፣ «ድመቱ ነው ወይስ ባለቤቱ?»
ሣቀች። «የበሬ ልብ ነው፤ ይኸው በወረቀቱ።»

የበሬ ልብ! በዐቢይ ጾም እኩሌታ!
ሥጋ ቤቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ መንጠቆው ባዶ፣ ቢላው ተኝታ።
ጋሽ እንድሪስ ዘንድ ሄድኩ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣
በነጠላ ፊቴን ሸፍኜ እንደ ሌባ።
«ልብ አለ?» አልኩት።
«ለማን ነው?» አላለም። መዘነ፣ በጥቁር ፌስታል ጠቀለለ፤
«ለድመት ነው» አልኩ ሳልጠየቅ፤ «እሺ» አለና ሚዛኑን ወለወለ።

ከኬክ ቤት የለመንኩት ቅርፊት ኪሴ ውስጥ ይንኮሻኮሻል፤
ፌስታሉ በሲቷል፣ ደም ያንጠባጥባል።
ሙሽሬ በሯ ላይ ናት።
ሰላም አላለችኝም። ጠብታውን ቆጠረች፣
ከአስፋልቱ እስከ ደጄ።

በሳልስቱ መጡ የነፍስ አባቴ፤
«ሥጋ ገባ አሉ» አሉኝ፣ «ዕንቁላልም፣ ልጄ፣ ከቤትሽ?»
«ገብቷል፣ አባቴ።»
ሻምበልን አሳየሁ፣ ሙቀጫዬን፣ ማንኪያውን።
አጎንብሰው አዩ፣ ጺማቸውን ይዘው።
«እኛ ከሥጋችን ስንቀንስ ለነፍስ፣
ለዚህ ነፍስ ይዝራ ብለሽ ከሥጋው ላይ ዱቄት ማፍሰስ!»
ሊቆጡ ነው ስል፣
ከዱቄቱ ቆንጥረው በጣታቸው አሹ፤
«አልላመም» አሉ፣ «ጉሮሮውን ይቧጥጠዋል። ድገሚው።»

በሐኪሟ መርፌ፣ በማንኪያው፣ በልቡ፣
ቀና አለ አንገቱ፣ መለሰ ቀልቡ።
በታሰረ ጀልባ ጠርዝ ሄደ እንደ ድሮው፣
እምቦጭ ላይ የቆመ አሞራ ሊያባርር ነው።
አስጋሪዎቹ ደስ ብሏቸው የቆሮሶ ራስ ወረወሩለት፤
ሮጬ ቀደምኩት።

የፋሲካ ሌሊት፣ ከቅዳሴ መልስ፣
ከቅርጫው ድርሻዬ ቆረጥኩለት፣ እንዲያው ያለ ምንም፣ አብሮኝ እንዲገድፍ፣ እንዲቀምስ።
አሸተተ። ቁጭ አለ። አየኝ።
ሙቀጫውን አየ።
መልሶ አየኝ።

እጄን ታጥቤ፣
ምራቄን ውጬ፣ ተርቤ፣
ዶሮው ቀርቦ እየጨሰ
ተነሣሁ፣
ከወጡ ዕንቁላል የላጥኩትን ቅርፊት ልወቅጥ።