መሃሉ እኔ ጋ ነው

አርብ ከሰዓት፣ ሻርጃ፣ ሮላ፣ ከሣሩ ዳር፣
ሌላው ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኢቃማ ሲመካከር፣
እኛ ሦስታችን የምንጠያየቀው ሌላ ነው ነገር፦
«መርከቧ የት ደረሰች?»

መጽሐፉ ሽፋን የለውም፤ ርዕሱን የሚያውቅ የለም።
ማን ጻፈው፣ ማን ተረጎመው፣ ብለን አልጠየቅንም።
ከአገር ሲመጣ፣ በሻንጣ፣ በርበሬ ፈሶበት፣
ዳር ዳሩ ቀልቷል፤ ጣቱን ልሶ ለሚገልጥ እሳት።

የቆረጠው ይመር ነው፣ በሽንኩርት ቢላዋ፣
እንደ ቅርጫ ሥጋ ሦስት መደብ አድርጎ።
በተምር ፍሬ ዕጣ ጣልን።
መጀመሪያው ለራሱ ወጣ፣ መጨረሻው ለጀማነሽ፤
መሃሉ እኔ ጋ ነው።

ይመር የሚያውቀው መነሳቱን ነው፤
ምድር ስትሰነጠቅ፣ ባሕር ሲሸሽ፣
መርከቧ የእሳት ጅራት አብቅላ ወደ ሌላ ፀሐይ ስትገሠግሥ።
በር ላይ ተቀምጦ፣ ሌሊት፣ የዘበኛ ባርኔጣውን አጋድሞ
አሥር ጊዜ አንብቦታል፤ አሥር ጊዜ ተሰናብቷል።

ለኔ የደረሰኝ መንገዱ ነው፦
ሦስት መቶ ዓመት ጨለማ።
መነሻውን ያላዩ፣ መድረሻውን የማያዩ፣
በመርከቧ ሆድ ተወልደው እዚያው የሚያረጁ፣
ሰሃን የሚያጥቡ፣ አየር የሚያጣሩ፣
የሚጋቡ፣ የሚኳረፉ፣
አንዳንዴ ከእንቅልፋቸው ባንነው
«ይሄ የማን ጉዞ ነው?» የሚሉ።

አሥራ አንደኛ ፎቅ ነኝ። የማድ ቤቱ መስኮት አይከፈትም።
ነሐሴ ነው፤ ከመስታወቱ ወዲያ ያለውን አየር ሰው አይችለውም።
ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም ሞተር ይመስለኛል፤
አንዳንዴ ወለሉ ከእግሬ በታች ሲሄድ ይሰማኛል።

የቤቱ ልጅ፣ ራሺድ፣ ዘጠኝ ዓመቱ፣
እሱም ያነባል፤ ዘንዶ ነው እሳት የሚተፋ።
«አገርሽ ዘንዶ አለ?» አለኝ።
«ነበረ። ነግሦ። በሬ ይገበርለት ነበር፣ ልጃገረድም ጭምር።»
«ማን ገደለው?»
«ሩዝህን ጨርስና እነግርሃለሁ።»
ከዚያ ቀን ወዲህ ሰሃኑ ንጹሕ ነው።

በመስከረም የጀማነሽ እመቤት ቤት ቀየረች፣
ራስ አል ኸይማ፣ ከተራራው ሥር።
መጨረሻውን ይዛው ሄደች።
ከዚያ በየሌሊቱ፣ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ፣
ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና፣ በሹክሹክታ፣
በድምፅ መልእክት ታነብልኝ ጀመር፤
ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ፣
አንዳንዴ እግር ስትሰማ መሃል ላይ ቁርጥ።

ደረሱ አለችኝ። በሩ ተከፈተ።
ከመሬቱ በፊት፣ ከውሃው በፊት፣
መዝገብ አወጡና ቆሙ አለች፤
በመንገድ የቀሩትን ሁሉ በየስማቸው ጠሩ፣
ሰሃን አጣቢዋን፣ አየር አጣሪውን፣
የተኳረፉትን ሳይቀር ጎን ለጎን፤
ጥሪው ሦስት ቀን ፈጀ፣ አንድም ሰው አልተቀመጠም።
የዚያን ሌሊት ጓንቴን ሳላወልቅ አለቀስኩ።

ትናንት መጨረሻው መጣ፣
በሾፌር እጅ፣ በሩዝ ከረጢት፣ ከይመር ጠረጴዛ ላይ።
ሊፍት ውስጥ ቆሜ ገለጥኩት።
ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፦ «የመርከቧም በር ቀስ ብሎ»
ይልና ያበቃል።
ቀሪው ተቀዷል፣ ድሮ፣ ቅዳዱ እንኳ ቢጫ ሆኗል።
መዝገብ የለም። ስም የሚጠራ የለም።

መልእክቶቿን መልሼ ሰማሁ፣ ሁሉንም፣ ስልኩን ከጆሮዬ ለጥፌ።
ትንፋሽ አለ። የብርድ ልብስ መንኮሻኮሽ አለ።
ወረቀት ሲገለጥ አይሰማም።

ዛሬ አርብ ነው። መሃሉን ለይመር ሰጠሁት፤
ከሣሩ ዳር ተንጋሎ ይዞታል፣ በርበሬውን እያስነጠሰ።
«አንቺ ጨርሰሻል» አለኝ ቀና ብሎ፣ «ይደርሳሉ ወይ?»
«አንብብ» አልኩት፣ «ቀስ ብለህ።
ስማቸውን ያዝ፣ በተለይ የሰሃን አጣቢዋን፤
ኋላ ይጠራል።»