ሁለት ነጥብ ሦስት ሰከንድ

የአንድ ሰዓት ወግ ነው፤ አርባ ሰዓት በላ፤
እግሬ ፔዳሉ ላይ፣
ሦስት ቃል ወደ ፊት፣ ሁለት ቃል ወደ ኋላ።
በኢናሪ ታኅሣሥ፣ ፀሐይ በማትወጣበት፣
ቀኑ መምሸቱን እንኳ በምን ልወቅበት?

ዶምና ናት የምታወራው፣ ከወንድሟ ከኦንድሬይ ጋር፣
በገዛ ማድ ቤቷ፣ ሴቬቲ ሐይቅ ዳር።
ስለ ተቀደደ መረብ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ፣
ማን አጋዘኑን እንደሸጠ፣ ስለ ዋጋው መጨረሻ።
ማንቆርቆሪያው ያፏጫል፤ እሱንም እጽፋለሁ።

የእኛ ደንብ ጥብቅ ነው።
ትንፋሽ ይጻፋል። ሳቅ ይጻፋል።
ሁለቱ እኩል ሲያወሩ፣ ድምፅ ድምፅን ሲጋፋ፣
በቅንፍ ይታሰራል፣ አንዱ ባንዱ እንዳይጠፋ።
ዝምታም በሰከንድ ተለክቶ ይገባል፤
ላልተሰማ ቃል ሦስት መስቀል ይቆምለታል።

አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ ዶምና አንድ ነገር ትላለች፤
«ክህት» ይሁን «ህፍት»፣ ብቻ ፈጥና ትጥለዋለች።
ሰባ ጊዜ መለስኩት፣ አዘገየሁት፣ አጮህኩት፤
ካለው መዝገበ ቃላት ሁሉ ፈልጌ አጣሁት።
ልቤ ዘለለ። ጥቂት መቶ ሰው በቀረው ቋንቋ
ማንም ያልጻፈው ቃል!
(ስሜን ከግርጌ ማስታወሻ ላይ አየሁት፣ አልዋሽም።)

ዶምና በግንቦት አርፋለች፤ የኦንድሬይ ጆሮ ከድቶታል፤
የእህቷ ልጅ ፌክላ ናት የቀረችው።
በበረዶ ነድቼ ሄድኩ፤ ማዳመጫውን ሰጠኋት።
አንዴ ሰማች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።
«ምን ቃል አለው ይሄ? የዓሣ አጥንት ነው እንጂ!
ጉሮሮዋን ወግቷት እንትፍ ስትለው ነው።»
እኔም አብሬያት ሳቅሁ፣
ሦስቱን መስቀል ፋቅሁ።

ድምፁን ግን አላቆምኩትም ነበር።
ኦንድሬይ ይጠይቃል፦ «ዘንድሮስ መረቡን ማን ይጠግነዋል?»
ከዚያ ዝም።
ሁለት ነጥብ ሦስት ብዬ ለክቼ ያለፍኩት።
ፌክላ «ቆይ» አለች፤ ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ።
«እዚህ ጋ እጇን ታሳየዋለች።
ጣቶቿ መታጠፍ እንቢ ካሉ ቆይተዋል፤
ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም፤ እዚህ ነው የነገረችው።»

ቀጥሎ የዶምና ድምፅ «ሻይ ጨምር» ይላል።
ሲንቆረቆር ይሰማል።

ማታ ተመልሼ ፋይሉን ከፈትኩት።
ከዳር አንድ ጠባብ ዓምድ አለ፣
ለሳል፣ ለበር መንኳኳት።
«ዶምና እጇን ታሳያለች» ብዬ ጻፍኩ፤
አላየሁማ፤ አጠፋሁት።
«ፌክላ እንዳለችው» ብዬ ከፊቱ ጨምሬ
መልሼ ጻፍኩት።
ቁጥሩን አልነካሁትም።

ነገ አሥራ አምስተኛው ደቂቃ።
ውሻው መጮህ ይጀምራል።