የፈረሱ ቋንቋ

አያቴ ሞቲየዩስ ቡድሪካስ ከሊትዌኒያ በመርከብ መጣ፤
ስሙ ግን በጉድጓዱ አፍ ላይ ቀረ፣ ከእርሱ ጋር አልወጣ።
ጸሐፊው ቀና ሳይል፣ “ይህን ማን ይጽፋል?” ብሎ
“ጆን ብላክ” አለና አወረደው ቶሎ፣
እንደ ባዶ ባልዲ፣ ወደ ከሰሉ ዓለም።
ሠላሳ ዓመት ጆን ሲሉት አቤት አለ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል የለም።

በቤልስሂል ያኔ ገና የሥራ ቀን ነበር፤
ፊሽካው ይነፋል፣ ሰው ይወርዳል ከምድር ሥር።
ዋዜማው ግን የእርሱ ነው። ከገበታው ልብስ ሥር ድርቆሽ ይነሰንሳል፤
“አሥራ ሁለት ዓይነት የጾም ምግብ” ይላል።
ስኮትላንዳዊቷ አያቴ ኢዞቤል፣ እጇን ወገቧ ላይ፣
ትቆጥራለች፦ ሄሪንግ፣ ድንች፣ ባቄላ፣ እንጉዳይ፣
ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ፖም፣ ዳቦ። ስምንት ላይ ሲያልቅባት
ጨው ዘጠኝ፣ ሰናፍጭ አሥር፣ ውኃው አሥራ አንድ፣
“አሥራ ሁለተኛ ይቺን ልጅ ቁጠራት!”

አንድ ወንበር ባዶ ነው፣ ሳህንና ማንኪያ ቀርቦለት።
“ለማን ነው?” አልኩት።
“ለመጣ።”

ስድስት ዓመቴ ነበር።
“ዛሬ እኩለ ሌሊት እንስሳት ያወራሉ፤
ጆሮ እንዳትሰጪ” አለኝ፣ “የሰሙ ይጸጸታሉ።”
ይህን ሰምታ የምትተኛ ልጅ ካለች፣ እኔ አይደለሁም።

በሌሊት ልብስ፣ በእናቴ ቡትስ፣ በረዶውን ረግጬ
የከሰል ጋሪ የሚጎትተው ግራጫ ፈረስ ጋ ሮጬ
ከበረቱ ሳንቃ ጆሮዬን ለጠፍኩ።
ተናገረ!
እንግሊዝኛ ግን አልነበረ።
በየቃሉ ጫፍ ላይ “ስ” የሚል፣
እሳት ላይ እንደ ጣሉት እርጥብ እንጨት የሚል።
ይጠይቃል፤ ዝም ይላል፤ ደግሞ ይስቃል፤
አንዴ ያለቀሰ መሰለኝ። ፈረስ ያለቅሳል?

ጠዋት የጫማውን ክር ሲያስር ነገርኩት።
እጁ ቆመ። “ምን አለ?”
“አልገባኝም” አልኩት።
“ጥሩ” አለ፤
መብራቱን አንጠልጥሎ በጨለማው ወጣ።

ሃያ ሁለት ዓመት አልፎ፣ በመቃብሩ አፍ ላይ፣
ከግላስጎው የመጣ አንድ ሽማግሌ ቄስ
መጽሐፉን ሳይገልጥ ጸሎት ጀመረ ቀስ፤
“ስ” እያለ፣ “ስ” እያለ፣
እሳት ላይ እንዳለ።
ሰው ሁሉ አንገት ደፍቶ ቆሟል፣ ኮፍያውን ይዞ፤
እኔ ሳቅሁ፣ ጮክ ብዬ፣ እንባዬ ጉንጬ ላይ ወርዞ።
እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።
ምን ልበላት?
ይህን ቋንቋ አውቀዋለሁ፣ ከፈረስ ነው የሰማሁት ብዬ?