ውዝፍ መዝገብ

ሞጣ ፍርድ ቤት ነው፣ መዝገብ ቤት ሥራዬ፤
የሁለት ቀበሌ የድንበር ክርክር ያደረ ከላዬ።
አሥራ አራት ዓመት አቧራ አራግፌ፣
የሰው ነገር ሁሉ በቁጥር አሰልፌ፣
የራሴን ጉዳይ ግን ሁለት ክረምት ሙሉ
አሳደርኩት ከሥር፣ ከሌሎቹ ሁሉ።

ጧት ደክሞኝ እነሣለሁ፣ ደክሞኝ እተኛለሁ፤
ከአልጋዬ እስከ በሩ
ዓባይን የወረድሁ የወጣሁ እመስላለሁ።
ልጄ ማስተዋል በትምህርት ቤት በዓል
ወንበር ይዛልኝ ነበር። ወንበሩ ባዶ ውሏል።
አላለቀስኩም ግን። እሱ ነው የገረመኝ፤
ማልቀሱም እንደ እንጨት ፈለጣ ከበደኝ።

ተከሳሹ ጠፍቶ ነው እንጂ ምስክርስ ሞልቶ ነበር።

“ዓይን ነው” አለ ጎረቤት፣ “ዓይን ነው የበላት፤
በእንዳላማው ሠርግ ላይ አምሮባት አየናት።”
“የናትሽ ዛር” አለች አክስቴ ከብቸና፣
“እሷን ሲጨርስ ወዳንቺ ዞረና።”
አለቃዬ ግን በጽሑፍ አደረገው፤
“በሥራ ላይ መለገም” ብሎ፣ ማኅተም መታ፣ ቁጥር ሰጠው።
ግልባጩን እኔው ነኝ በፋይሌ ያሰርኩት።

ጠበልም ገባሁ፣ ሰባት ቀን፤ አጽናናኝ፤
በሰባተኛው ስመለስ
መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።
ክሊኒክ ደግሞ ለመጣው ሁሉ የሚነበብ ፍርድ አለ፤
“ታይፎይድ ከታይፈስ ጋራ”፣ ሦስት ጊዜ ተባለ።
“ጨጓራ” አለ አንዱ። ሌላው “ደም ማነስ” ፈረደ፤
ኪኒኑ ሆዴን አደረቀ እንጂ ድካሙስ አልሄደ።

በመጨረሻ እኔም አመንኩ፣ በገዛ ቃሌ፦
ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይኸው ነው አመሌ።

አንማው ነው ያነሣው። ችሎት አስከባሪ ነው፤
ሥራው ሰው መጥራት ነው፣ ድምፅ መለየት ነው።
“ጤናነሽ” አለኝ፣ “እንዳትቀየሚኝ፤
ድምፅሽ ወፍሯል፤ ስትመልሺ ሌላ ሰው መሰልሽኝ።
ደግሞስ በግንቦት ፀሐይ፣ ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣
ጋቢ በሹራብ ላይ? ይኼ ከየት መጣ?”

ሆስፒታል፣ ካርድ ክፍል፣ “ጤናነሽ!” ሲባል ሰልፈኛው ሳቀ፤
እኔም ሳቅሁ። ከስንት ወር በኋላ ፊቴ ሞቀ።
ሐኪሙ ይበልጣል፣ ጢም ያላወጣ ልጅ፣
መድኃኒት አልጻፈም፤ ጠየቀኝ እንጂ፦
ፀጉርሽ ይረግፋል ወይ? ቅንድብሽ ጫፉ ሳስቷል፣ አይተሽዋል?
ብርዱ መቼ ጀመረ? ሐዘኑስ? የቱ ቀደመ?
(ሐዘን ብሎ ሲጠራው ደረቴ ላይ አንድ ነገር ቆመ።)
አንገቴን በጣቱ እየዳሰሰ “ዋጪ” አለኝ፤
ዋጥኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የዋጥኩትን ሁሉ የነካው መሰለኝ።

ደሜ በትንሽ ብልቃጥ ባሕር ዳር ተሻገረ፤
በአሥራ ሦስተኛው ቀን ቁጥር ሆኖ ተናገረ።
ዕጢ ነው፤ ታይሮይድ። ከጉሮሮዬ ፊት ያለ፣
ቢራቢሮ ይመስላል አሉ፣ ሥራውን የጣለ።
እኔ የማውቀው እንቅርት ያበጠ ነው፣ የሚታይ ከሩቅ፤
የኔው ግን ሳያብጥ፣ በድብቅ።
በሥራ ላይ የለገመው
እሱ ነበር ለካ!

አሁን በየጧቱ፣ ምንም ሳልቀምስ፣ አንዲት ኪኒን በውኃ።
መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ወር አለፈ፤ ምንም።
በሦስተኛው ወር አንድ ጧት
ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል በፊት ነቃሁ።
የነቃሁበትን ምክንያት ፈለግሁ፤ አጣሁ፤
ዝም ብዬ ነው የነቃሁ።

ሁሉም አልሄደም። ከሐዘኑ ጥቂት ቀርቷል፣
ዕጢውን የማይመለከት፤
ለሱ ሌላ መዝገብ ይከፈት።
ማስተዋልን “ዘንድሮስ በዓሉ መቼ ነው?” ብላት
ቀኑን ነገረችኝ፤ ወንበር እንደምትይዝ ግን አልነገረችኝም።

የአለቃዬን ደብዳቤ አላወጣኋትም ከፋይሌ።
ከኋላዋ፣ በሚቀጥለው ገጽ፣
ከባሕር ዳር የመጣውን ወረቀት አሰርኩ።
የሚከፍት ቢኖር
በቅደም ተከተል ያንብብ።